በበዓል የምትሸፈን ፀሐይ

ገዳሙ እህቴን የብርጓልን ያገባ፣ ከአማኑኤል ወጣ ብሎ ባለ መንደር ገብስና ጤፍ የሚያርስ ሰው ነው። በእኔ ቤትና በእሱ ቤት መካከል ያለችው አንዲት ወንዝ ብቻ ናት፤ ክረምት ሞልታ ካልከለከለችን በቀር ሳንገናኝ የምንሰነብትበት ጊዜ የለም። ስለዚህ የማወራው የሰማሁትን ብቻ ሳይሆን ያየሁትንም ነው። አብዛኛውን ግን እስካሁን አልተረዳሁትም፤ ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል።

ገዳሙ በልጅነቱ ለቄስ ትምህርት ተሰጥቶ ነበር። ፊደል ቆጠረ፣ ዳዊት ደገመ፣ ዜማ ሊጀምር ሲል አባቱ ሞተና በሬዎቹ አራሽ አጡ። መጽሐፉን ትቶ ሞፈር ጨበጠ። ከዚያ ወዲህ ከሁለት ያጣ ሆኖ ቀረ። ምንም ያልተማረ ሰው ቄሱ ያሉትን ይዞ በሰላም ይተኛል፤ አጥብቆ የተማረም መጽሐፉን ገልጦ፣ መልሱን አግኝቶ ይተኛል። ገዳሙ የሚያስፈራውን ያህል አንብቦ የሚያሳርፈው ገጽ ላይ ሳይደርስ የተነሣ ሰው ነው። በጾም ቀን ላም ሲያልብ ወተት ጢሙ ላይ ቢፈናጠቅ፣ መጥረግ ይበቃል ወይስ ንስሐ ያስፈልጋል ብሎ ቄስ ፍለጋ ወንዝ የሚሻገር እሱ ነው። ሰው ይስቅበታል። እሱ አይቆጣም፤ እናንተ እርግጠኛ ከሆናችሁ እሰየው ይላል።

እናቱ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ደፍተው እሱ ዘንድ ይኖሩ ነበር። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ቀልድ የማይጠሉ መነኩሲት ነበሩ። ችግራቸው ደረታቸው ነው። ጋደም ማለት አይችሉም፤ ትራስ ተደርቦላቸው፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ ቁጭ እንዳሉ ነው የሚያድሩት። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ጭስ እንዲርቅላቸው አጥብቃ መከረች። የብርጓል ምድጃውን ወደ ማድ ቤት አወጣች፤ ኩራዙ ግን ቀረ። ለምን ቢሉ፣ እማሆይ ጨለማ አይችሉም። መብራት ሲጠፋ አየሩ አብሮ የሚያልቅ ይመስላቸዋል። እንግዲህ ኩራዝ ሲበራ ጭሱ ያስላቸዋል፣ ሲጠፋ ጨለማው ያፍናቸዋል። ገዳሙ ሲያበራና ሲያጠፋ ያድራል።

በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ አንድ ሙክት ሸጦ ደብረ ማርቆስ ሄደና ሶላር ይዞ መጣ። ማዶና ማዶ ባለን ሰዎች ዘንድ የመጀመሪያው ነበር። ከሰፌድ የምታንስ ጥቁር መስታወት ጣራ ላይ ትታሰራለች፤ ከእሷ የሚወርደው ገመድ ባትሪው ሆዷ ውስጥ ያለ አንዲት መብራት ላይ ይሰካል። መብራቷ እጀታ አላት፤ ከገመዱ ነቅለው በረት ቢወስዷት፣ ወንዝ ቢያሻግሯት ታበራለች። ነጋዴው ለገዳሙ ሲያስረዳው፣ ቀን ትሰበስባለች ማታ ትሰጣለች፣ ሌላ ምንም አትፈልግም አለው። ገዳሙ ይህን ቃል መንገዱን ሙሉ ሲደጋግመው መጣ።

የመጀመሪያዋን ምሽት እኔም ነበርሁ። እማሆይ መብራቷን አስጠግተው አዩዋት፣ አሸተቷት፣ መዳፋቸውን አስጠጉባት። ጭስ የሌለው እሳት ሙሴ ያየው ብቻ ይመስለኝ ነበር ብለው ሳቁ። ሳቃቸው በሳል አልተቋረጠም። ገዳሙ ያን ጊዜ ወደ ደጅ ወጣ፤ ዓይኑን ሲጠርግ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ክረምቱን በደመናው ምክንያት መብራቷ ብትደክምም እማሆይ ከበፊቱ ተሻላቸው። ጎረቤቱም ተጠቀመ። ቀድሞ ስልኩን ለማስሞላት አማኑኤል ድረስ ይሄድ የነበረው ሁሉ ገዳሙ ቤት እየተወ ወደ እርሻው ያልፋል። የእድሩ ዳኛ አያ ውበቱ ሳይቀር ስልኩን በየሁለት ቀኑ ያመጣ ነበር። ገዳሙ ከማንም ምንም አልተቀበለም። ስልኮቹን ከመብራቷ ሥር በተራ ደርድሮ፣ የማን እንደሆነ እየረሳ፣ ሲደወል ሁሉንም እያነሣ ሃሎ ይል ነበር።

በመስከረም ማርያም ለት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። በረዶ እንደሚታወቀው መንገድ መርጦ ነው የሚሄድ፤ አንዱን ማሳ ደብድቦ አጠገቡ ያለውን ሳይነካ ያልፋል። የአያ ውበቱን ገብስ ከነአገዳው መሬት ላይ አነጠፈው። ከእሱ ቀጥሎ የሌሎች ሦስት አራት ሰዎችን ጤፍ ጨረሰ። የገዳሙን ማሳ ዳሩን እንኳ ሳይነካ ወደ ገደሉ አለፈ።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ በረዶ ሲወርድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን በዓል ሻረ ብሎ ነው። ማርያም፣ ሚካኤል፣ መድኃኔ ዓለም፣ በዓለ ወልድ፣ ሌሎቹም፣ ቅዳሜና እሑድ ሲጨመሩ በወር ውስጥ ሞፈር የምንነካበት ቀን ጥቂት ነው። በእነዚህ ቀኖች ያረሰ፣ እንጨት የፈለጠ ወይም ያጨደ ካለ መዓቱ በእሱ ማሳ ብቻ አይቆምም፤ ለሁላችንም ይተርፋል። ስለዚህ በዓል ማክበር የየግላችን ጉዳይ አይደለም። የከተማ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ገብሱ ያልተመታ ሰው መሳቅ አያቅተውም።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ከወይራው ሥር ተሰበሰበ። እኔ የወንዙ ማዶ አጥቢያ ሰው ብሆንም ያን ለት ገዳሙ ሰንበቴ ጠርቶኝ ነበርና ሁሉንም ሰማሁ። እያንዳንዱ ሰው እየተነሣ በማርያም ለት የት እንደዋለ ተናገረ። ሁሉም ንጹሕ ሆነ። ያን ጊዜ አያ ውበቱ ተነሣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለታመመ ቃሬዛ የሚሸከም፣ ለተጣላ ሽማግሌ የሚቀመጥ ሰው ነው። ግን የዓመት እህሉ መሬት ላይ ተነጥፏል፣ ዓይኑም እንቅልፍ አላየም። ድምፁን ሳያነሣ ወደ ገዳሙ ዞረ።

«ገዳሙ፣ ያ ጣራህ ላይ ያለው ነገር በማርያም ለት ምን ሲያደርግ ይውላል?»

ሌላ ሰው ቢሆን «ምንም» ብሎ መልሶ ነገሩ እዚያው ባለቀ። ገዳሙ ግን አሰበ። አስቦ አስቦ፣ «ይሰበስባል» አለ።

ይህም አልበቃው። በሙሴ ዘመን በሰንበት እንጨት ሲሰበስብ ተገኝቶ በድንጋይ የተወገረውን ሰው ታሪክ ራሱ አንሥቶ ለጉባኤው ተረከ። መናውንም አነሣ፤ ለሰንበት የሚሆነው በዋዜማው ተሰብስቦ ያድር ነበር እንጂ በሰንበት ለቀማ አልነበረም አለ። እጁን ጎተትሁት። አልሰማኝም። ጠበቃ የሚያስፈልገው ሰው ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ቆመ። ታሪኩን ሲጨርስ ፊቱ ላይ ያየሁት ፍርሃት አልነበረም፤ ከልቡ ግራ ገብቶት ነበር። እኔም ይኸው ሲጨንቀኝ ነው የከረመው፣ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ አላቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስታወስ አልችልም። አንዱ ተነሥቶ ላም በእሑድ ሣር ትግጥ የለም ወይ አለ። ላም አልተጠመቀችም ተባለ። ሶላሩስ ተጠምቋል ወይ ሲል ሌላው ጠየቀ። የተጠመቀው ገዳሙ ነው ተብሎ ተመለሰለት። የውኃ ወፍጮ ተነሣ፤ በእሑድ ወፍጮው ይቆማል፣ ውኃው ግን አይቆምም፤ እንግዲህ ሶላሩ እንደ ወፍጮው ነው እንደ ውኃው? ግማሹ ወፍጮ አለ፣ ግማሹ ውኃ አለ። በጣሪያ ቆርቆሮ ላይ የወደቀችው ፀሐይስ ቆርቆሮውን ታሞቅ የለም ወይ ያለም ነበር፤ እሱን ማንም አልመለሰለትም። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። ቄስ አበረ፣ የገዳሙ የንስሐ አባት፣ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጡ ነበር። ሲጠየቁ እውነቱን ተናገሩ። ይህ ነገር በመጽሐፍ የለም፤ የለም ማለት ግን ተፈቅዷል ማለት አይደለም፤ ተከልክሏል ማለትም አይደለም አሉ።

በመጨረሻ አያ ውበቱ ፍርድ ሰጠ። ሊቃውንት ቁርጡን እስኪናገሩ ድረስ ገዳሙ በየበዓሉ ሶላሩን ይሸፍናል። ሳይሸፍን ከተገኘ ከእድር ይወጣል፤ እሳት የሚያጫጭረው፣ ውኃ የሚያቀብለው፣ ሬሳ የሚያነሣለት አይኖርም። ይህን የመጨረሻውን ሲናገር አያ ውበቱ ራሱ ድምፁ ቀነሰ። ገዳሙ ቤት ትራስ ተደግፈው የተቀመጡት እማሆይ ወለተ ሥላሴ መሆናቸውን የማያውቅ እዚያ አልነበረም። ልጃቸው ከእድር ከወጣ አስከሬናቸውን ከቤት የሚያወጣ ሰው አያገኙም።

ገዳሙ በነጋታው ደብረ ማርቆስ ሄደ። ስማቸው የተጠራ አንድ የድጓ መምህር ፈልጎ ነገሩን ከአንድ እስከ መጨረሻ አወራላቸው። መምህሩ ሊያሳርፉት ፈልገው ይመስለኛል፣ ዋናው በበዓል ቀን እጅህ ሥራ አለመንካቱ ነው፣ በዋዜማው ያስቀመጥኸውን በበዓሉ አትንካው አሉት። ሌላ ሰው ይህን ሰምቶ ደስ ብሎት ይመለስ ነበር። ገዳሙ አዲስ ጭንቅ ይዞ ተመለሰ። በበዓሉ መንካት ካልተፈቀደ ጣራ ላይ ወጥቶ መሸፈንም በበዓሉ አይቻልም ማለት ነው፤ ስለዚህ መሸፈን ያለበት በዋዜማው፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ነው። መግለጥም እንዲሁ የሚቻለው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። የማዳበሪያ ጆንያ በልኩ ቆረጠ፣ አራት ማዕዘኑ ላይ ድንጋይ ቋጠረ። መሰላሉ ከግድግዳው ተነሥቶ አያውቅም።

ሽፋኑ በየበዓሉ አንድ ቀን ብቻ የሚወስድ ይመስላል። ነገር ግን ቅዳሜና እሑድ ከተሸፈነች በኋላ ሰኞ ተገልጣ ማክሰኞ ሥላሴ ቢሆን፣ በአንድ ቀን ፀሐይ የምትይዘው ለስንት ሌሊት ይበቃል? መብራቷ መጀመሪያ ትቀላለች፣ ከዚያ ትጠፋለች። ኩራዙ ከተሰቀለበት ወረደ። ገዳሙ ለእናቱ የነገራቸው መብራቷ ትንሽ እንደታመመች ነው። ሳሉ ተመለሰ። የብርጓል ተቆጣች። የአገሩን አፍ እዘጋለሁ ብለህ የእናትህን ደረት ዘጋህ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንተ ነህ አለችው። እሱም አዎ አላት። የብርጓል የሚከራከራት ባል ብታገኝ ይቀላት ነበር።

በጥቅምት መድኃኔ ዓለም ለት ልጠይቃቸው ወንዙን ተሻግሬ ስሄድ ገዳሙን መሰላሉ ሥር ቆሞ አገኘሁት። ነፋስ ጆንያውን ገፎ ጥሎታል። መስታወቷ ጥርት ባለ ፀሐይ ትብለጨለጫለች። እሱ አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አሳርፎ ሽቅብ ያያል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ ጠየቅሁት፤ ከቅዳሴ ሲመለስ ጀምሮ ነው።

«ብወጣ ሥራ ነው፤ ብተወው ይሰበስባል» አለኝ።

እኔ ልውጣልህ አልሁት፤ የእኔ አጥቢያ እንዲህ ያለ ውሳኔ የለበትም። በአንተ እጅ አሠርቼ እኔ ልድን? ብሎ እንቢ አለ። ያን ጊዜ በመንገድ ሳስበው የመጣሁትን ሐሳብ ነገርሁት። መስታወቷን ነቅለን እኔ ቤት ጣራ ላይ እንሰራት፤ በበዓል ቀን ማዶ ትዋል፤ ማታ መብራቷን ብቻ አንጠልጥዬ ወንዙን አሻግርልሃለሁ፤ መንደርህም አያይ፣ በረዶም አይቆጣ። በሐሳቤ ኮርቼ ነበር። ገዳሙ ግን እግሩን ከመሰላሉ አውርዶ አሰበበትና፣ ማርያም ማዶና ማዶ ሁለት ናት ወይ? በአንተ በኩል በበዓል የተሰበሰበ ብርሃን ወንዝ ሲሻገር ይነጻል ወይ? ሲል ጠየቀኝ። አላውቅም አልሁት። እውነትም አላውቅም። አብሬው ቆሜ ሽቅብ ማየት ጀመርሁ። የብርጓል ከቤት ብቅ ብላ አየችንና፣ ሁለት ወንድ ለአንድ መሰላል ብላ ተመልሳ ገባች። እስከ ማታ እዚያው ቆየን፤ በመጨረሻ ፀሐይዋ ራሷ ጠልቃ ገላገለችን።

ያን ምሽት መብራቷ ሙሉ ነበረች። ገዳሙ ግን አላበራትም። በበዓል የተሰበሰበ ነው ብሎ ጥግ አስቀምጦ ኩራዙን ለኮሰ። እማሆይ ከትራሳቸው ቀና ብለው ያችን መብራት አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ምን ሆናችሁ ነው የምትሸሽጉኝ አሉ። ገዳሙ ከዚያ በፊት ለእናቱ ዋሽቶ አያውቅም ነበርና፣ መብራቷ ታመመች ያለው ውሸት አንገቱ ላይ ቆሞ፣ በረዶውንም ፍርዱንም መምህሩንም ነገራቸው። እማሆይ አላቋረጡትም። ሲጨርስ፣ ንብ በሰንበት ስትቀስም ትውል የለም ወይ፣ ለቤተ መቅደስ የምንሳለው ጧፍ ከማን ሰም ነው? አሉት።

የገዳሙ ፊት በራ። ከበረዶው ወዲህ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም። እስከ አያ ውበቱ ቤት ሊሮጥ ከመቀመጫው ሲነሣ እማሆይ ነጠላውን ያዙት።

«ተቀመጥ ልጄ። ይህን ያልሁት ለአንተ ነው፣ ለአገሩ አይደለም። ለመተንፈሱ እኔ ብቻዬን እበቃለሁ። ለመቀበር ግን ሰው ያስፈልገኛል። ሸፍነው።»

ይህን ካሉ በኋላ ሳል ያዛቸውና የብርጓል ጀርባቸውን ደገፈች። ገዳሙ ወንዙ ድረስ ሸኘኝ። መንገዱን ሁሉ ያችኑ አንዲት ጥያቄ ነው የሚያገላብጥ። እናቴ ያለችኝ የትኛውን ነው? ንቧን ነው ወይስ መሸፈኑን? ሁለቱንም አልሁት። ሁለቱን እንዴት አደርጋለሁ አለኝ። እኔ የማውቀው እሳቸው እንደፈሩ ብቻ ነው። ሞትን አይደለም የፈሩት፤ ሞትንማ ቆብ ሲደፉ ነው የለመዱት። የፈሩት ሰው በሌለበት መቀበርን ነው። ይህን ልነግረው አፌን ከፍቼ ተውሁት፤ ያውቀዋል ብዬ ነው።

ገዳሙ ሸፈነ። ከዚያ ወዲህ አንድም በዓል አላለፈውም፤ ሌሎች ረስተው የሚያርሱባቸውን ትንንሾቹን ሳይቀር ሸፈነ። አያ ውበቱ በመንገድ ሲያልፍ ሽቅብ አይቶ ራሱን ይነቀንቃል፤ ደስ ብሎት እንደሆነ አዝኖ እንደሆነ መለየት አይቻልም። በረዶ ደግሞ አልወረደም። ሰዉ ይኸው አላልንም ወይ አለ። በኅዳር በረዶ ድሮም እንደማይወርድ ያሰበ ያለ አይመስለኝም፤ እኔም ያሰብሁት በኋላ ነው።

ያን ዓመት ኅዳር ጽዮን ዓርብ ዋለች። ማግስቱ ቅዳሜ ነው። ከዚያ እሑድ፤ እሑዱም በዓለ ጊዮርጊስ ነበር። ገዳሙ ሐሙስ ከጀምበር በፊት መሰላሉን ወጥቶ ሸፈነና ወረደ። ዓርብ ማታ መብራቷ እስከ እኩለ ሌሊት ቆየች ይላል። ቅዳሜ ኩራዝ ነበር። የብርጓል በሩን ገርበብ አድርጋ ጭሱን በነጠላዋ ስታራግብ አደረች። ኩራዙን ሲያጠፉት ደግሞ እማሆይ አብሩልኝ ይላሉ። እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ ቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል፣ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ቁጭ እንዳሉ ዐረፉ። ጭሱ ገደላቸው አልልም። ደረታቸው ከድሮም ደካማ ነበር፣ ዕድሜያቸውም የደረሰ ነበር። አልገደላቸውም ለማለትም ድፍረቱ የለኝም።

የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። አገሩ ሁሉ ወጣ። በዚያ መንደር እንደዚያ ያለ ሕዝብ ለቀብር ሲወጣ አላየሁም፤ ከእኛም ማዶ ከሌላም አጥቢያ መጣ። ቃሬዛው ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበል መሬት አልነካም። እማሆይ የፈለጉትን አገኙ። ቄስ አበረ ከካህናቱ ጋር ፍትሐቱን አደረሱ። ወንዶቹ ከወይራው ባሻገር ጉድጓድ ሊቆፍሩ ሄዱ፤ ዶማውን በመጀመሪያ ያነሣው አያ ውበቱ ነበር። ቦታው ድንጋያማ ነው። አያ ውበቱ ጋቢውን ጥሎ፣ ልብሱ በላብ እስኪርስ ድረስ፣ ተቀበለኝ ሳይል ይቆፍራል። ክፉ ሰው አይደለም ያልሁት ለዚህ ነው።

ገዳሙ ከሐዘንተኞቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጦ የዶማውን ድምፅ ይሰማ ነበር። አያለቅስም። ድንገት ተነሣ። ሊወድቅ መስሎኝ ተከተልሁት። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሄዶ ቆመና የሚቆፍረውን ሰው አየ፣ የሚወጣውን አፈር አየ፣ ፀሐይዋን አየ።

«አያ ውበቱ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አለ።

አያ ውበቱ ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና አለ። ሐዘን ያናወጠው መስሎት በለሰለሰ ድምፅ፣ «እሑድ ነው፣ ገዳሙ» አለው።

«ሌላስ?»

«ጊዮርጊስም ነው።»

«ታዲያ እንዴት ትቆፍራላችሁ?»

አጠገቡ የቆሙት ሰዎች እርስ በእርሳቸው ተያዩ። እኔ እጁን ያዝሁት። አያ ውበቱ ላቡን በክንዱ ጠረገና፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብሎ ነገረው። «ለእናትህ ነው እኮ። ለሰው ሲሆን አይቆጠርም።»

ገዳሙ ሰማው። እንደ ልማዱ አሰበ። ያ የማርያም በረዶ ከወረደ ወዲህ የሄደበትን ሁሉ በልቡ ሲሄድ አየሁት፤ ፊቱ ላይ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ።

«መብራቱስ ለማን ነበር?» አለ።

አያ ውበቱ ዶማውን ለቀቀ። ዶማው የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ተደገፈ። ከዚያ ሰውየው እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ፣ በቆፈረው አፈር ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሌላ ሰው ወርዶ ዶማውን ተቀበለ፤ ቀብሩ ከቀትር በፊት መፈጸም ነበረበት።

ሰዉ በኋላ ገዳሙ አያ ውበቱን በቀብር ላይ አዋረደው እያለ አውርቷል። አላዋረደውም። ገዳሙ ለመውቀስ አልጠየቀም፤ ለማወቅ ነው የጠየቀው። እናቱ እስኪቀበሩ ድረስ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሳይነቃነቅ ቆሞ መልስ ይጠብቅ ነበር።